ጦማርና የብርዕ ፍተና፦ አዲስ ዕቃን ሞክሮ ስለ መጻፍ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው ታርሟል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ለዚህ መድረክ የቀለለ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው አዲስ ስልክ ወይም አዲስ የእጅ ሰዓት ይገዛል፤ አለዚያም ከዘመድ ይላክለታል። ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ወራት ይሞክረዋል። ከዚያም ያየውን በራሱ አንደበት፣ «እኔ» እያለ፣ በግል ጦማሩ ላይ ይጽፋል። የምመረምረው ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ስልክ ባትሪ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ይሰማኛል። ያገባዋል የምልበትን ምክንያት እዚሁ ፋኩልቲያችን ውስጥ ከተነሣ ክርክር ልጀምር።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን አማርኛ በእጅ ስልክ ላይ መጻፍ እንዴት እንደተለመደ የሚያጠና የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅታ ነበር። ዋና ምንጮቿ የግለሰቦች ማስታወሻዎች ነበሩ፤ «ይህን ስልክ ሞከርሁት፣ ፊደላችንን እንዲህ አድርጎ አሳየኝ» የሚሉ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ እጅግ የማከብራቸው ምሁር፣ «ይህ የገበያ ወሬ እንጂ የታሪክ ምንጭ አይደለም» አሉ። ሌላኛው ገምጋሚ ጠንከር ያለ ነገር ጠየቁ፤ «እስቲ ገጾቹን ክፈቺልንና እንያቸው» አሏት። ተከፈቱ። አብዛኞቹ የሉም። ጥናቱ ሲጀመር የነበሩ ጽሑፎች ጥናቱ ሲያልቅ ጠፍተዋል። ባለቤቱ የዓመት ክፍያውን ያልከፈለው አለ፤ አገልግሎቱ ራሱ የተዘጋም አለ። እንግዲህ በአንድ ጉባኤ ላይ ሁለት ጥያቄ በአንድነት ቀረበልን፦ ይህ ጽሑፍ ምንጭ ነውን? ምንጭ ከሆነስ ማን ይጠብቀዋል? የዛሬው ንግግሬ ለእነዚህ ጥያቄዎች የምሰጠው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በእንግሊዝኛ «ዌብሎግ» የሚለው ስያሜ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ብሎግ» ተብሎ አጠረ። «ሎግ» የሚለው ክፍል ከመርከበኞች የመጣ ነው፤ መርከቡ በየዕለቱ የተጓዘበት ርቀት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የደረሰው አደጋ የሚሰፍርበት መዝገብ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ለዚህ ነገር የአገር ስም ሲፈልጉ «ጦማር» የሚለውን ከግዕዝ አነሡ። ጦማር ደብዳቤ ነው፤ መልእክት ነው። ሥሩ ከግሪክ እንደመጣ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ይነግሩናል። ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። መዝገብ ባለቤቱ ብቻውን ሊጽፈው ይችላል። ደብዳቤ ግን ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩም «ማን ነህ? ከየት ጻፍህልኝ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በአማርኛ የተጻፉ የዕቃ ሙከራዎችን ስታነቡ ይህ የደብዳቤ ጠባይ ይታያችኋል። «ወገኖቼ፣ ይህን ቻርጀር እንዳትገዙ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ከመዝገብ ይልቅ ወደ ዘመድ የሚላክ ቃል ይመስላል።

ነገሩ ግን ከኢንተርኔት በፊት ይጀምራል። የብራና መጻሕፍታችንን የገለጠ ሰው፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች፣ አንዳንዴም በኅዳግ ላይ፣ ከመጽሐፉ ይዘት ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ጥቂት ቃላት ያጋጥሙታል። ጸሐፊው አዲስ የቀረጸውን መቃ ቀለም አጥቅሶ የሞከረባቸው ናቸው። የብራና መዘርዝር የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ያውቋቸዋል፤ የብርዕ ፍተና ብለው ይመዘግቧቸዋል። ለረጅም ጊዜ የመጽሐፉን ጽሑፍ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ያልፋቸው ነበር። የቀለም አሠራርን፣ የእጅ ጽሕፈትን፣ የጸሐፍትን ልማድ የሚያጠና ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ጸሐፊ ስለ ብርዑ አልጻፈም፤ በብርዑ ጻፈ። ጫፉ ሰፊ እንደነበር፣ ቀለሙ ቀጥኖ እንደፈሰሰ፣ እጁ ገና እንዳልሞቀ የምናየው ከጽሑፉ ከራሱ ነው። ሙከራውና ማስረጃው አንድ ሆነዋል። እኔ የዕቃ ሙከራ ጽሑፎችን የምመዝንበት ሚዛን ከዚህ የተወሰደ ነው፦ ጸሐፊው ስለ ዕቃው ምን አለ ከማለቴ በፊት፣ በዕቃው ምን አደረገበት እላለሁ።

ከሌላ አገርም አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ የታወቀ ነውና ብዙ አልቆይበትም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለሥልጣን የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ ከ1660 እስከ 1669 እ.ኤ.አ. የዕለት ማስታወሻ ጽፏል። ሰውየው አዲስ ዕቃ ወዳድ ነበር። በ1663 ቀለም በውስጡ የሚይዝ የብር ብዕር ተላከለት። በ1664 ማይክሮስኮፕ በአምስት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ ገዛ። በማግስቱ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው በዚያ መሣሪያ አንድ ነገር ለማየት ብዙ እንደተቸገሩ ጽፏል። በ1665 ደግሞ የኪስ ሰዓት አገኘ፤ ከሰዓት በኋላ በሠረገላ ሲጓዝ ሰዓቱን ከእጁ ሳያወርድ ስንት ሰዓት እንደሆነ መቶ ጊዜ እንዳየ በራሱ ላይ እየቀለደ መዝግቧል። በዚያው በ1665 ሮበርት ሁክ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ነገሮች በታላላቅ ሥዕሎች አስደግፎ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ወጥቷል። የሁክ መጽሐፍ መሣሪያው በባለሙያ እጅ ምን ማሳየት እንደሚችል ይነግረናል። መሣሪያው በገዥው ቤት ምንም አላሳይ ብሎ ማስቸገሩን የምናውቀው ግን ከፒፕስ ነው። የሳይንስ ታሪክ ሁለቱንም ይፈልጋል። የፒፕስ ማስታወሻ በአጭር ጽሕፈት የተጻፈ ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1825 ነው፤ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ የየዕለቱን ማስታወሻ በየዕለቱ እየለጠፈ ጦማር አድርጎታል። ስለ ፒፕስ ይህን ያህል ይበቃል።

ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። በእኛ አገር የዕቃ ሙከራ ጽሑፍ ከሌላው ዓለም የሚለይበት ዋናው ምክንያት እሱ ነውና። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደላቱን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በየራሱ ሥርዐት ይደረድር ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተበታተነ የላቲን ምልክት ይሆናል። በእኔ ዕድሜ ያሉ መምህራን በዲስኬት ያስቀመጡት የፈተና ወረቀት ዛሬ ቢከፈት የሚታየው ይኸው ነው። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ፊደሉ በገዥው እጅ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አያይዞ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በእኛ በአዲሱ ሚሊኒየም ዋዜማ ነው። የስልኮቹ ከዚያም ዘገየ። ያን ጊዜ በብዙ ስልኮች ላይ የአማርኛ መልእክት የሚታየው በተደረደሩ ባዶ ሣጥኖች ነበር። የሩቅ ምሥራቁን የአኩሪ አተር እርጎ ስለሚመስሉ እነዚህን ሣጥኖች «ቶፉ» ይሏቸዋል፤ ጉግል «ኖቶ» ብሎ የሰየመው የፊደል ቅርጽ ስብስብም «ቶፉ ይቅር» ለማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ዘመን አንድ ስልክ አማርኛ ያነብባል ወይስ አያነብብም የሚለውን ማን ነገረን? የአምራቹ መግለጫ ወረቀት አልነገረንም። የውጭ አገር መጽሔት ሞካሪም አይነግረንም፤ ጥያቄው ራሱ በአእምሮው የለም። የነገሩን ግለሰቦች ናቸው። ስልኩን ገዝተው፣ «ሰላም» ብለው ጽፈው፣ ወደ ወንድማቸው ልከው፣ ሣጥን ይሁን ፊደል ደርሶት እንደሆነ ጠይቀው የጻፉ ሰዎች። እነሆ የብርዕ ፍተና።

ከእነዚህ ማስታወሻዎች ምን ያህል እውቀት እንደሚወጣ ለማሳየት አንድ ስሌት ልሥራላችሁ። አንድ የስልክ አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል። በላቲን ሲጻፍ 160 ሆሄያት ይገባሉ፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ብዙ ሰው «ለፊደላችን እጥፍ በላይ ተከፈለ» ይል ነበር። ይህ በከፊል ብቻ ትክክል ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ተነባቢና አናባቢን በአንድነት ይዟልና ከአንድ የላቲን ሆሄ በላይ ይሸከማል። «እንደምን አደርክ» በፊደላችን ከክፍት ቦታው ጋር አሥር ነው፤ በላቲን ሲጻፍ አሥራ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሰላምታ በአንድ የአማርኛ መልእክት ሰባት ጊዜ፣ በአንድ የላቲን መልእክት አሥራ ሁለት ጊዜ ይገባል። ጫናው እውነተኛ ነው፤ እጥፍ ግን አይደለም። ወጣቱ አማርኛን በላቲን የመጻፍ ልማድ እንዴት እንደያዘ የሚያጠና የቋንቋ ተመራማሪ ይህን ስሌት ይፈልገዋል። ከስሌቱ ይበልጥ ደግሞ «በአማርኛ ስጽፍ ሁለት መልእክት አስከፈለኝ፣ ስለዚህ በላቲን ቀጠልሁ» ብሎ የጻፈውን ሰው ቃል ይፈልገዋል። ምክንያቱን በዘመኑ የመሰከረ እሱ ነውና።

ፊደል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአራት ዓመት በፊት ከአሜሪካ የምትኖር እኅቴ የጤና መረጃ የሚለካ ዘመናዊ የእጅ ሰዓት ላከችልኝ፤ እኔም ለአንድ ዓመት አስሬው ሙከራዬን በጦማሬ ላይ ጻፍሁ። የሰዓቱን አምራች አልጠራም፤ ነገሩ በአንድ ድርጅት ላይ የሚቀር አይደለም። ዕቃው በውጭ አገር ብዙ የተመሰገነ ነበር። ምስጋናውን አንብቤ ሳበቃ ስለ እኔ ክንድ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር እንደሌለ ገባኝ።

በመጀመሪያ ጊዜ። ሰዓቱ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። እሱ ሰባት ሲል እኔ አንድ እላለሁ። ይህስ የለመድነው ነው፤ ሁላችንም በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መኖርን እናውቅበታለን። የሚያስቸግረው ሰዓቱ መካሪ ሲሆን ነው። አንድ እሑድ ከአክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። አቦል ተጠጣ። ቶናው ሲቀዳ ክንዴ ተንዘፈዘፈ፤ ብዙ ተቀምጠሃልና ተነሥተህ ተንቀሳቀስ ይለኛል። በረካ ከመድረሱ በፊት ደገመው። አክስቴ ወደ ክንዴ እያዩ «ልጄ፣ ማን ነው የሚያዝህ?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የምርት ግምገማ አላነበብሁም። ሰዓቱ መቀመጥን በሙሉ ስንፍና አድርጎ ነው የሚያየው፤ በእኛ ዘንድ መቀመጥ ማኅበራዊ ሥራ የሚሆንበት ሰዓት እንዳለ የነገረው የለም።

ከዚህ የከበደው የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ሙሌት በባሕር ዳርቻ ከሚለካው በጥቂቱ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ሰዓቱ ግን ሌሊት ሌሊት 92 እና 93 እያሳየ ቁጥሩን በማስጠንቀቂያ ቀለም ይቀባብኝ ነበር። ለሥራ ድሬዳዋ ወረድሁ፤ ከፍታዋ የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ነው። ያው ክንድ፣ ያው ሰዓት፣ በሁለተኛው ሌሊት 97 አለኝ፤ ቀለሙም ተለወጠ። ስመለስ ወደ 93 ተመለሰ። ይህ የአንድ ሰው ልኬት ነው፤ የሕክምና ማስረጃ ነው አልልም፤ ሰዓቱም የሕክምና መሣሪያ አይደለም። ነገር ግን ማስታወሻውን ከጻፍሁ በኋላ ከደሴም ከደብረ ብርሃንም አንባቢዎች ተመሳሳይ ነገር ጻፉልኝ። አንዲት እናት በልጇ ክንድ ላይ ባየችው ቀለም ደንግጣ ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት መሄዷን ነገረችኝ። ከሳጥኑ ውስጥ የወጣው መመሪያ ስለ ከፍታ አንድ መስመር አልነበረውም። በደጋ ለሚኖር ሰው ያ የጎደለው መስመር የተጻፈው በአማርኛ፣ በግለሰቦች ጦማር ላይ ነው። ጦማሮቹ ሲጠፉ መስመሩም ይጠፋል።

አሁን ወደ ተቃውሞው። «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ምስክርነት ሁልጊዜ የአንድ ሰው ነው፤ ክብደት የሚያገኘው ከሌሎች ምስክሮች ጋር ሲገጣጠም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሆነውን አስታውሱ። አንድ የአይፎን ተጠቃሚ ስልኩ እንደተጎተተበት፣ አሮጌውን ባትሪ በአዲስ ሲቀይር ግን ፍጥነቱ እንደተመለሰ ልኬቱን ከነቁጥሩ ጻፈ። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ። ብዙዎች በየቤታቸው ያንኑ ሞከሩት። ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ ከብዙ ስልኮች የተሰበሰበ ውጤት በሥዕላዊ መግለጫ አወጣ፤ የስልኮቹ ፍጥነት በተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ተቆልሎ ታየ። ወዲያው በታኅሣሥ ወር፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 20፣ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ በማለት ፍጥነታቸውን በሶፍትዌር እንደሚገድብ አመነ። ወሩ ሳያልቅ ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ። ስልኩ በወጣ በሳምንቱ የተጻፈ ግምገማ ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ ሊገኝ የሚችለው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ጠንካራ አስተያየት ልሰንዝር። በእኛ ሁኔታ ዋጋ ያለው የአዲስ ዕቃ ሙከራ ሳይሆን የአሮጌ ዕቃ ሙከራ ነው። አዲስ ስልክ ከሳጥን አውጥቶ ማሳየት ለብዙ ወራት ደመወዙን ለማይበቃው ሰው ትዕይንት ከመሆን አያልፍም፤ ጉራ የሚሉትም አልተሳሳቱም። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ግን ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ነው። ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ለአንድ ኔትወርክ የተቆለፈ ሆኖ ይገኛል። ከዱባይ የመጣውም ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ የሚለየው ጠጋኙ ሲከፍተው ነው። በአምስተኛ ዓመቱ ስልኩ አዲሱን የባንክ መተግበሪያ ይቀበላል? መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ቻርጀሩ ምን ይሆናል? መለዋወጫውስ መርካቶ አለ? እነዚህን የሚመልስ ማስታወሻ ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ አይመጣም። የቋንቋ ተማሪዎችም እዚህ ሲሳይ አላችሁ፤ «ስታክ አደረገ»፣ «ቻርጅ አልይዝ አለ» የሚሉት አነጋገሮች፣ የውጭው ስም ከ«አደረገ»ና ከ«አለ» ጋር እንዴት እንደሚጋባ የሚታየው በእነዚህ ጽሑፎች ነው።

ስለ ስጦታም መናገር አለብኝ። ሞካሪው ዕቃውን ከሻጩ በነጻ ሲያገኝ ምስክርነቱ ይጎድፋል። ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው አይዋሽም። የሚሆነው ዝምታ ነው፤ መልካሙ በዝርዝር ይጻፋል፣ ጉድለቱ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያውን አሻሽሎ ጦማሪዎች ከአምራች ያገኙትን ክፍያ ወይም ነጻ ዕቃ እንዲገልጹ ጠይቋል። እኔ ነጻ ዕቃ የተቀበለውን ሰው ጽሑፍ ጣሉት አልልም። የፍርድ ቤት ምስክርም የባለጉዳዩ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ዝምድናው ግን ይነገራል፤ ዳኛውም ያንን ይዞ ይመዝናል። ዝምድናውን የደበቀ ምስክር ግን እውነቱን የተናገረበትን ክፍል ጭምር ያሳጣናል።

ወደ መጥፋቱ ልመለስ። ያሁ «ጂኦሲቲስ» የተባለውን የግል ገጾች አገልግሎት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ሚሊዮኖች የጻፉት በአንድ ቀን ሊጠፋ ነበር፤ ብዙው የተረፈው በጎ ፈቃደኞች ተሻምተው ስለገለበጡት ነው። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት የድረ ገጾችን ቅጂ ይይዛል፤ የማንም የግል ገጽ ግን ሙሉ በሙሉ እንደተያዘ ዋስትና የለም። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉት የአማርኛ ገጾች ደግሞ ቅጂያቸው ቢገኝ እንኳ የተጻፉበት የፊደል ቅርጽ ካልተገኘ የሚነበቡ አይሆኑም። ብራናው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ፊደሉ ግን ፈርሷል እንደ ማለት ነው። በግድግዳ ላይ ባለ የቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ ዲስኬትና አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ አትጣሉ።

ተማሪያችን እንዴት እንደሆነች ልንገራችሁ። ብልህ ናት፤ ገጾቹን ባነበበች ቁጥር አትማ፣ ያነበበችበትን ቀን በእጇ ጽፋ በሁለት ትልልቅ ማኅደሮች አስቀምጣቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ማኅደሮቹን ይዛ መጣች። «የገበያ ወሬ» ያሉት ገምጋሚ አንዱን ማስታወሻ ቆመው አነበቡ። አንድ በጎንደር የሚኖር ሰው በስድስት የተለያዩ ስልኮች ላይ «ጸሐይ» የሚለውን ቃል በተለያየ አጻጻፍ እየጻፈ፣ የትኛው ስልክ በየትኛው አጻጻፍ ፈልጎ እንደሚያገኘው በሠንጠረዥ ያሰፈረበት ነበር። ሞክሼ ፊደላት በመሣሪያ ፍለጋ ላይ ያላቸውን ውጤት እኛ በጥናት ከመጠየቃችን በፊት እሱ በምሽት ተቀምጦ ሞክሮታል። ገምጋሚው ወረቀቱን ወደ ማኅደሩ እየመለሱ «ይህ ሰው ዲግሪ አለው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ምዕራፉ ግን አለፈ።

ስለዚህ በሚቀጥለው መንፈቅ ትምህርት ክፍላችን አንድ ነገር እንዲጀምር ሐሳብ አቅርቤአለሁ። የግል የዕቃ ሙከራ ጽሑፍን በምንጭነት ለመጥቀስ የሚፈልግ ተማሪ የታተመውን ቅጂ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ለቤተ መጻሕፍታችን ያስረክባል፤ ባለቤቱ በሕይወት ካለና ሊገኝ ከቻለ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ የግል አድራሻና የስልክ ቁጥር ይሸፈናል። የምትጽፉትንም እለምናለሁ። ከጽሑፋችሁ አናት ላይ ቀኑን በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር፣ ከተማውን፣ ዕቃው እንዴት እጃችሁ እንደገባና ስንት ጊዜ እንደተጠቀማችሁበት ጻፉ። ሁለት መስመር አይሞላም። ከዚያ በኋላ እንደ ወደዳችሁ ጻፉ፤ ቀልዱም፣ ንዴቱም፣ የአክስታችሁም ቃል ይግባበት።

ማኅደሮቹ ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ ስንወጣ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ወረቀቶቹ ከቦታቸው እንዳይዛወሩ ብቻ አደራ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።